አሮጌ የቫልቭ አምፕሊፋየሮችን ስለ መጠገን፦ ለአባላት የተላከ ማሳሰቢያ

የተከበራችሁ አባላት፣

እ.ኤ.አ. በ1963 መመረት የጀመረው ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ የተባለው የጊታር አምፕሊፋየርና መሰሎቹ የቫልቭ (ድምፅን የሚያጎላ የመስታወት ቱቦ) አምፕሊፋየሮች በውስጣቸው ከ400 ቮልት በላይ ስለሚፈጥሩ፣ ከሶኬት ከተነቀሉ በኋላም በማጣሪያ ካፓሲተሮቻቸው (ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ውስጥ የሚቀረው ኤሌክትሪክ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ አንድም ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት የ10 ኪሎ ኦም፣ የ5 ዋት ሬዚስተር አንዱን ጫፍ ከብረት አካሉ፣ ሌላውን በፕላስቲክ በተሸፈነ መቆንጠጫ ከካፓሲተሩ ፖዘቲቭ እግር ጋር አገናኝታችሁ ጥቂት ቆዩ፤ ከዚያም ቮልቱ ወደ ዜሮ መውረዱን በእያንዳንዱ ካፓሲተር ላይ በቴስተር አረጋግጡ። ይህን ያልለመደ አባል ብቻውን እንዳይከፍት አጥብቀን እንለምናለን።

ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት 120 ቮልት የሚፈልጉ በመሆናቸው፣ በአገራችን 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ከተሰኩ ይቃጠላሉ፤ በቂ አቅም ያለው ቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር የግድ ነው። ባለ ሁለት እግር የቀድሞው መሰኪያም የመሬት መስመር ባለው ይተካ።

ድምፁ እስከ መጨረሻው ተቀንሶ እንኳ የማይጠፋ ጉምጉምታ ካለ፣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የደረቁ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ናቸው፤ ደህና ቢመስሉም ዕድሜያቸው አሥርት ዓመታት ካለፈ መቀየራቸው ተገቢ ነው። ቫልቭ በእንጨት እርሳስ ቀስ ተደርጎ ሲነካ በድምፅ ማውጫው ጎልቶ የሚያቃጭል ከሆነ ይለወጥ። በአንጻሩ በደንብ የሚሠራውን ነባር ትራንስፎርመር ለአዲስነት ሲባል ብቻ መቀየር፣ በእኛ እምነት፣ የመሣሪያውን ጠባይ ማጥፋት ነው። የኃይል ቫልቮች በተለወጡ ቁጥር ደግሞ ባያሱ (ምንም ድምፅ በሌለበት በቫልቮቹ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚወስነው ቅንብር) እንደገና ይለካ።