አያት ወይስ መገናኛ? የዲጂታል ሥነ ጽሑፍ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ፦ እኛ ጌም አንጫወትም። ዓመቱን ሙሉ ስታፍ ውስጥ «ያንተ ልጆች ዛሬም ጌም ላይ ናቸው?» ስባል ስለከረምኩ ነው ከዚህ የምጀምረው። ልጆቹ ታሪክ ነው የሚጽፉት። ልዩነቱ ታሪኩ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ መሀል ላይ አንባቢውን ያቆመውና «አሁንስ ምን ይሁን?» ብሎ ይጠይቀዋል። አንባቢው የመረጠውን ሲነካ በዚያ በኩል ይቀጥላል።

«የፈረንጅ ቅብጠት ነው» ለሚሉኝም መልስ አለኝ። እንቆቅልህ ስንባባል ሰሚው እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ ያውቃል? ካላወቀ አገር ስጠኝ ይባላል፣ ጨዋታውም በሰጠው አገር ይቀጥላል። ልጆቹ ይሄን ስነግራቸው ነው ነገሩ ወዲያው የገባቸው።

የምንሠራበት ሶፍትዌር ትዋይን ይባላል። ክሪስ ክሊማስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ነው፤ በነፃ ይገኛል። እያንዳንዱ የታሪክ ቁራጭ ስክሪኑ ላይ አንድ ሳጥን ነው። የሆነ ቃል ድርብ ባለአራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ስታስገባው ወደ ሌላ ሳጥን የሚወስድ ሊንክ ይሆናል፣ ቀስቱንም ራሱ ያሰምረዋል። አማርኛ ይቀበላል። ያለቀው ሥራ አንድ ፋይል ስለሆነ በቴሌግራም ይላካል፣ ስልክ ላይም ያለ ኢንተርኔት ይነበባል።

አንደኛው ሴሚስተር ላይ የኮምፒውተር ክፍሉን ስላላገኘን በካርቶንና በክር ነው የሠራነው፤ ግድግዳው ላይ ካርዶች ለጥፈን በክር እያገናኘን። እውነት ለመናገር ብዙ የተማሩት ያኔ ነው። (ይሄን ስላልኩ ግን «እንግዲያው ኮምፒውተር ለምን ያስፈልጋችኋል» እንዳትሉኝ።) ሳምንታዊ ስብሰባዎቹ እንደማንኛውም ክበብ ናቸው፣ አልዘረዝራቸውም።

ልዘርዝረው የምፈልገው የባቡር ጉዟችንን ነው። የከተማችን ቀላል ባቡር ሁለት መስመር እንዳለው ታውቃላችሁ። ከልደታ እስከ ስታዲየም፣ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሁለቱም በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ። ከስታዲየም በኋላ አንዱ ወደ ቃሊቲ ይታጠፋል፣ ሌላው ወደ አያት ይቀጥላል። ለኛ ትምህርት ከዚህ የተሻለ ሰሌዳ ከየት ይመጣል? ሜክሲኮ ተሳፈርን። ሥራው ቀላል ነበር፦ ባቡሩ ውስጥ ያያችሁትን አንድ ሰው ምረጡ፣ ስታዲየም ላይ ሁለት ዕጣ ስጡት። ሁለት ልጆች በግፊያው የቃሊቲውን ተሳፍረው ሄዱብን፤ ሪቼ ደርሰው ሲደውሉ ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ። በኋላ ያንኑ መጥፋታቸውን ጽፈውት አረፉ፣ የዓመቱ አስቂኝ ታሪክም እሱ ነው።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አለች፣ ክበቡ ውስጥ ድምጿ እምብዛም የማይሰማ። እሷ የመረጠችው ሻንጣ የያዘች ሴት ነበር። ምርጫውን ግን ስታዲየም ላይ አላደረገችውም፣ ወደፊት ገፋችው። ሴትዮዋ መገናኛ ወርዳ የቦሌ ታክሲ ትያዝ ወይስ እስከ አያት፣ እስከ ቤቷ ትሂድ? በመገናኛ በኩል ያለው ረጅም ነው። አረብ አገር፣ የኢሞ ጥሪ፣ የሚቆራረጥ ድምፅ፣ የሚላክ ብር፣ እዚህ የምታድግ ልጅ። በአያት በኩል ያለው አንድ መስመር ብቻ፦ «እማዬ በሩን ከፈተች።» ለምን አልቀጠልሽም ስላት «ቲቸር፣ ከዛ በኋላ ያለውን አላውቀውማ» አለችኝ። እኔም ሌላ አልጠየቅኳትም።

በወላጆች ቀን ታሪኩን በፕሮጀክተር አሳየነው፤ እሷ በማይክ ታነባለች፣ ምርጫ ሲመጣ አዳራሹ ይመርጣል። እናቶቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ «አያት! አያት ትሂድ!» አሉ። ነካችው። ያቺ አንድ መስመር መጣች። ከኋላ አንድ ልጅ «ይቀጥል!» ብሎ ጮኸ። እሷም ምንም ሳትደናገጥ «እሱን ገና አልጻፍኩትም» አለች። ጭብጨባውን የነበራችሁ ሰምታችኋል፣ ላልነበራችሁ አዝናለሁ። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ በስብሰባ ላይ እጇን ታወጣለች።

ኪሳራም አለብን። ትዋይንን በብራውዘር ስትሠራበት ሥራው የሚቀመጠው እዚያው ብራውዘሩ ውስጥ ነው። በሴሚስተር ዕረፍት ኮምፒውተሮቹ ሳይነገረን ፎርማት ተደረጉ፣ ፍላሽ ላይ ያልገለበጥናቸው ታሪኮች ሁሉ ጠፉ። አንዳንዶቹን ልጆቹ እንደገና ጻፏቸው፣ አንዳንዶቹ በዚያው ቀሩ። መብራቱንማ ተዉት። ለስፖርት ክበብ ማሊያ ሲገዛ ደስ ብሎኝ አጨብጭቤያለሁ፤ አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግን ከሙሉ ማሊያ የሚበልጥ አይመስለኝም።

ስለዚህ የምንለምነው ትንሽ ነገር ነው። በሳምንት አንድ ከሰዓት የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ። ቻርጅ የሚይዙ አሮጌ ላፕቶፖች፤ የቀድሞ ተማሪዎች፣ በተለይ ውጭ ያላችሁ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የጣላችሁት ይበቃናል። የዘንድሮን ታሪኮች ማንበብ የምትፈልጉ ፍላሽ ይዛችሁ ቤተ መጻሕፍት ኑ። ሁሉም ተደምረው አንድ የዘፈን ክሊፕ አያክሉም።