መናቅና ማናናቅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እትማችሁ አንድ ጸሐፊ ስለ አንድ አለቃ ሲያወራ «ንቀት»ንና «ማናናቅ»ን አንድ አድርጎ ጽፏል። ለእኔ ይለያያሉ። የናቀኝ ሰው ዞር ብሎም አያየኝም። የሚያናንቀኝ ግን ፈገግ ብሎ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ነው።

በቀደም እናቴን ይዤ ደብረ ብርሃን አንድ ቢሮ ሄድኩ። የመንዝ ሴት ናት። ወረቀት የሚሞላው ልጅ ከእኔም ያንሳል። «ማዘርዬ፣ ይሄ ላንቺ ይከብድሻል፤ ዝም ብለሽ እዚህ ጋ ፈርሚ» አላት። ድምፁ ማር ነው። ስድብ የለበትም። «እርስዎ» ግን የለችም። እናቴ ከነጠላዋ ጫፍ መነጽሯን ፈታ አወጣች። ወረቀቱን ቀስ ብላ እስከ ታች አነበበች። ከዚያ «ልጄ፣ ስሜን ተሳስተኻል፤ በዓይኑ ‹ዐ› ነው» አለችው። ልጁ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«አናናቀ» ከ«ናቀ» የወጣ ነው፤ ፊደሉ ተደግሞ። ድርጊቱም እንደዚያው ነው፣ ትንሽ በትንሽ እየደጋገመ ሰውን ያሳንሳል። «ማንኳሰስ» ደግሞ የ«ኮሳሳ» ዘመድ ነው፤ ሰውን ማክሳት በሉት። (እኔን ከጠየቃችሁኝ ቃሉ ራሱ ያስቀኛል።)

ጸሐፊው የገለጸው አለቃ ሠራተኞቹን በቁልምጫ እየጠራ ሐሳባቸውን የሚያጣጥል ነው። እሱ ያናንቃል እንጂ አይንቅም። እባካችሁ አርሙልን።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን