ስሟ ከዝርዝሩ የጠፋ ዕለት

የአማራ ክልልን ስፖርት ለሚመራው ቢሮ ኃላፊ
ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ፤

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነኝ። ጎህ ሲቀድ ደግሞ ደሞዝ የሌለው ሌላ ሥራ አለኝ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ሩጫ የሚወዱ ልጆችን አሠራለሁ። የምጽፍልዎ ስለ ትጥቅ ወይም ስለ መሮጫ መም አይደለም፤ እሱን ሌሎች ደጋግመው ጽፈዋል፣ እኔም ፈርሜበታለሁ። የዛሬው ስለ ቅነሳ ነው፤ ልጆች ከክለብና ከማሠልጠኛ ፕሮጀክት ስለሚሰናበቱበት መንገድ።

ከጮቄ ተራራ ሥር የመጣች ተማሪ ነበረችኝ። ደህና መሰናክል ስላልነበረን በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ነበር የማዘልላት። በ16 ዓመቷ ለክለብ ተመለመለች። አባቷ አንድ በሬ ሸጦ ጫማና ስንቅ ገዛላት። በሁለተኛው ዓመት ቅልጥሟን ታመመች፤ ያረፈ ይቀነሳል ሲባል ስለሰማች ሕመሟን ደብቃ ሮጠች። ክረምት ሲገባ የሚቀጥሉት ልጆች ስም ዝርዝር በር ላይ ተለጠፈ። የእሷ አልነበረበትም። ለምን እንደሆነ ያስረዳት የለም። ሻንጣዋን ይዛ ማርቆስ ድረስ መጣች፤ አገሯ ግን አልገባችም። 11 ቀን ዘመድ ቤት ተደበቀች። አባቷ በደወለ ቁጥር "ልምምድ ላይ ነኝ" ትለው ነበር።

እኔም ዘንድ መጥታ አለቀሰች። "አትሌት አያለቅስም፤ ይልቅ ነገ ጠዋት ሜዳ ነይ" አልኳት። አልመጣችም።

እናቷ "ዓይን ነው" ብላ ጠበል ወሰደቻት። ተምሬያለሁ ባይ ነኝና ልስቅ ዳድቶኝ ነበር። ኋላ እንደሰማሁት ግን፣ ከተቀነሰች ወዲህ ቁጭ አድርገው "ምን ሆነሽ ነው ልጄ?" ብለው የጠየቋት የመጀመሪያው ሰው የጠበሉ አባት ናቸው። መልማዩም፣ አሠልጣኙም፣ እኔም አልጠየቅናትም።

ክቡር ኃላፊ፣ ለኦሎምፒክ አንድ አገር በአንድ የሩጫ ዓይነት ቢበዛ 3 ሰው ነው የምታሰልፈው። ሌላ አገር ብትወለድ ባንዲራ ለብሳ የምትሮጥ ልጅ እኛ ዘንድ ማንም ሳያውቃት ትቀራለች። ስለዚህ ከምንመለምላቸው አብዛኞቹ መመለሳቸው የማይቀር ነው፤ የሒሳብ ጉዳይ እንጂ የስንፍና አይደለም። ለልጆቹ ግን ይህን አንነግራቸውም። የምንነግራቸው በ2001 ዓ.ም. በበርሊኑ የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ነሐስ ስላመጣችው የጎጃም ልጅ፣ ስለ ውዴ አያሌው ነው። መንገራችን ደግ ነው፤ እኔም ነገ እነግራቸዋለሁ። ተመልሰው ለሚመጡት የምንነግረው ግን የለንም።

የጾሙንም ነገር ላንሳ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ልጅቷ ብትበላ እናቷ ታዝናለች፣ ጾማ ብትሮጥ አሠልጣኙ ይቆጣል፤ በሁለቱ መካከል ሆና ስትዝል "ሰነፍሽ" እንላታለን። ከሚሮጠው ያነሰ የሚበላ ገላ ጉልበቱ ብቻ አይደለም የሚደክመው፤ ስሜትም ይጨፈግጋል፣ የሴቶቹም የወር አበባ ሊቀር ይችላል። እኔ ወንድ ነኝ፤ ቢቀርባት ለእኔ አትነግረኝም። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ያለውን ያውቁታል፤ መንገድ ሲዘጋ ውድድር ይቀራል፣ ዓመቱን ሙሉ የተዘጋጀ ልጅ የሚሮጥበት ያጣል።

አሜሪካዊቷ ጂምናስት ሲሞን ባይልስ በቶኪዮ ኦሎምፒክ የቡድን ፍጻሜ መካከል የአእምሮዬ ጤና ይቀድማል ብላ ከውድድሩ ወጣች። ከ3 ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ 3 ወርቅ ወሰደች። ይህን ስተርክላቸው አንዱ ልጅ "ቲቸር፣ እሷኮ ብታርፍም የሚጠብቃት አላት" አለኝ። መልስ አጣሁ።

የምጠይቅዎ ብዙ ብር የሚያወጣ አይደለም። በክልሉ ያለ ማንኛውም ፕሮጀክትና ክለብ ልጅ ሲቀንስ በወረቀት ሳይሆን በአንደበት ይንገር፤ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ባለበት፣ ምክንያቱን ጠቅሶ። ለልምምድ ብላ ትምህርት አቋርጣ ከሆነ የምትመለስበት ክፍል አስቀድሞ ይፈለግላት። ቢያንስ ለ3 ወር አንድ ሰው እየደወለ "እንዴት ነሽ?" ይበላት። ይህ ደብዳቤ ሌላ ምንም ባያመጣ ይህቺው ትበቃኛለች።

ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው የአትሌቶች የአእምሮ ጤና መመዘኛም አለ። ከ16 ዓመት ጀምሮ ላሉት የተዘጋጀ ነው፤ የመጀመሪያው ቅጽ 10 ጥያቄ ብቻ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት አካዳሚም የሳይኮሎጂ ትምህርትም አለው፤ ሁለቱን አገናኝተው በእኛ ልጆች አማርኛ ያሠሩልን። አደራ የምልዎ ግን ቅጹ ሲሞላ በአሠልጣኝ እጅ እንዳይገባ ነው። ልጆቹን አውቃቸዋለሁ። እንቅልፍ ካጣች ሳምንት የሆናት ልጅ ቅጹን አሠልጣኟ እንደሚያየው ካወቀች "ደህና ነኝ" ብላ ነው የምትሞላው፤ ቅነሳ ትፈራለቻ።

ተማሪዬ ዘንድሮ ወደ ክፍል ተመልሳለች። አልፎ አልፎ ጠዋት ሜዳ ትመጣለች። አትሮጥም፤ ለትንንሾቹ ሰዓት ትይዝላቸዋለች። ከእነሱ ሁለቱ ለምልመላ ታይተዋል። የዘንድሮው ዝርዝር በር ላይ ከመለጠፉ በፊት መልስዎን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የስፖርት መምህር፣ ደብረ ማርቆስ