ከእናትዎ ወገን ይጀምሩልኝ

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አዲስ አበባ ዝናቡ በርትቷል እንጂ ሌላ ወሬ የለም። ኧረ ወሬስ አለ፤ ስልኩን ትቼ ደብዳቤ የያዝኩትም ለዚያ ነው። «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ይሰማል?» እየተባባሉ ትውልድ አይቆጠርም።

የልጅ ልጅዎ ሽማግሌ ሊላክባት ነው። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሥራም አለው። ችግሩ ወላጆቹ የወገራ ሰዎች ናቸው። ወገራ ደግሞ የእናትዎ አገር ነው። የንስሐ አባታችን «ሰባት ቤት ሳትቆጥሩ ቀን እንዳትቆርጡ» ብለውናል። ልጆቹ ይስቃሉ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

በአባትዎ ወገን አንቸገርም። እኔ ራሴ ሳልተነፍስ እስከ ስምንተኛው እወጣለሁ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እንደ ዳዊት አስደግመውናል። በእናትዎ በእማሆይ በኩል ግን እናታቸው፣ አያታቸው፣ ከዚያ ጭጭ! የአባት ስም እያስከተልን ስንጠራ ሴቶቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ። የበካፋን ሚስት ምንትዋብን በፋሲል ግቢ የቆመው ግንቧ ያስጠራታል። የእኛዎቹ ግንብ አልሠሩ።

ድሮ እኮ ይታወቅ ነበር። ርስት በእናትም በአባትም ስለሚወረስ፣ መሬት የሚጠይቅ ሰው መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ድረስ መቁጠር ነበረበት። እማሆይ በወገራው መሬት ሲሟገቱ ስንቅ ይዘው የተከተሏቸው እርስዎ ነዎት። ዳኛ ፊት ቆመው «እገሊት የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሊት ልጅ» እያሉ ሲያወርዱት በጆሮዎ ሰምተዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ሲባል ሙግቱ ቀረ፤ ቆጠራውም አብሮ ቀረ። አዋጁን አልነቅፍም፤ መሬት ያልነበረው ስንቱ ሰው እፎይ ብሎበታል። ቆጠራውን ግን አብረን መጣል አልነበረብንም።

እግረ መንገዳችንን የእማሆይና የአባትዎ የአያቴ ኑሮም ይጻፍልኝ። ጣሊያን ኅዳር 1934 ጎንደር ላይ እጁን ከሰጠ በኋላ በሰማንያ መጋባታቸውን አውቃለሁ። የተፋቱበትን ወሬ ግን ቁርጥራጩን ብቻ ነው የያዝኩት። አያቴ ሳያማክሯቸው በሬ ሸጡ፤ እማሆይም «እኩሌን!» አሉ። ጤፉን ከጎታው አስወጥተው በቁና ሰፈሩ፣ አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ። የመጨረሻዋ ቁና ስላልሞላች እሷን በእፍኝ ተካፈሉ። ሽማግሌ ገብቶ ሲታረቁ ጤፉም ወደ ጎታው ተመለሰ። አያቴ ግን «የሷ ግማሽ ጎድሎ ነው የተመለሰ» እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ሲነዘንዟቸው ኖሩ። እንዲህ የተጨቃጨቁ ሰዎች በስተርጅና አብረው መቁረባቸው ይገርመኛል። እሳቸው ሲያርፉም እማሆይ ወዲያው ቆብ ጫኑ። ለእኔ ከስም ዝርዝሩ ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል፤ ሽማግሌዎቹ ግን ስለ ጤፉ አይጠይቁኝም።

ለዘመን መለወጫ ታናሽ ወንድሜ እርስዎ ዘንድ ይመጣል። ድምፅዎን በስልኩ ይቅዳ። ጠዋት ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ መድኃኒቱ እንቅልፍ ያስይዝዎታል። ከእናትዎ ወገን ይጀምሩለት። የክርስትና ስማቸውንም፣ ወለተ ማን እንደሆኑ፣ አይርሱ። ስም ቢጠፋዎ ቁስቋም ያሉትን አክስቴን አስጠርተው ይጠይቁ፤ እሳቸው ቢያንስ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ አይረሱም፣ ዘሩም ከዚያ ይገኛል።

አደራ፣ ከሰባት በታች ሆኖ ቢገኝም እውነቱን ይንገሩኝ። የልጅ ልጅዎን እንደሚወዷት አውቃለሁ። ለእሷ ብለው አንድ ቤት እንዳይጨምሩብኝ!

ይቆዩኝ።

ልጅዎ