የክበባት ዘገባ፦ በሽሮና በንፍሮ ብረት ያነሳንበት ዓመት

የክብደት ማንሳት ክበባችን ሥራ የጀመረው በጥቅምት 2016 ነው። ዕቃችን ትንሽ ነበር። አንድ የብረት ዘንግ፣ ጥቂት የብረት ክብደቶች፣ በወተት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተን የሠራናቸው አራት ክብደቶችና አንድ የመወልወያ እንጨት። አዲስ የገባ ልጅ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚያነሳው እንጨቱን ብቻ ነው። ወገቡን ቀጥ አድርጎ ቁጭ ብድግ ማለት እስኪችል ድረስ ብረት አይሰጠውም፤ በዚህ ላይ ማንም ቢለምነኝ አልሰማም።

በመጀመሪያው ቀን 17 ልጆች መጡ፣ 11 ወንዶችና 6 ሴቶች። ለምን እንደመጡ ጠየቅኳቸው። አብዛኞቹ "ሰውነት ለመሥራት" አሉ። ቀጥዬ ዛሬ ጠዋት ምን በላችሁ አልኳቸው። ዝም አሉ። አንድ በአንድ ስጠይቅ ዘጠኙ ሻይ በዳቦ ወይም ባዶ ሻይ ጠጥተው የመጡ ናቸው። ሁለቱ ደግሞ ምንም አልቀመሱም። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ በዚያ ቀን ያዘጋጀሁትን የልምምድ ፕሮግራም አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና ስለ ምግብ ማውራት ጀመርን። ዓመቱን ሙሉም ስናወራ ከረምን።

እያንዳንዱ ልጅ ደብተር እንዲይዝ አደረግን። በግራ ገጽ ያነሳው ኪሎና ስንት ጊዜ እንዳነሳ ይጻፋል። በቀኝ ገጽ ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ የበላው፣ ስንት ሰዓት እንደተኛም ጭምር። መጀመሪያ ላይ የቀኙን ገጽ መሙላት ሰልችቷቸው ነበር። ምክንያትም ነበራቸው፤ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ሁሉም እኩል እየጨመሩ ነበር። ሻይ በዳቦ ብቻ የሚበላው ልጅ ቁጭ ብድጉን ከ30 ኪሎ ወደ 50 አደረሰ። "ቲቸር፣ ምግቡ ምንም ለውጥ የለውም እኮ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ እስከዚያ ድረስ። ጀማሪ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበት የሚጨምረው በአብዛኛው ጡንቻው ስላደገ አይደለም፤ ነርቮቹ ያለውን ጡንቻ አስተባብረው ማዘዝ ስለሚለምዱ ነው። ጡንቻ ራሱ የሚጨምረው ቀስ ብሎ ነው፣ ለዚያ ደግሞ የሚገነባበት ነገር ይፈልጋል።

ጥር ላይ ብዙዎቹ የሚያነሱት ኪሎ መጨመሩን አቆመ። ያን ጊዜ ደብተሮቹን ሰብስቤ ቤቴ ወሰድኩና ቁጭ ብዬ አነበብኳቸው። ይህን ጥናት ብዬ ማንም ፊት አላቀርበውም። 17 ልጆች ናቸው፣ ዕድሜያቸው ይለያያል፣ ገሚሶቹ ገና ቁመት እየጨመሩ ነው። ግን በቀኝ ገጻቸው ላይ ቁርስ የነበራቸውና በቀን ሁለት ጊዜ ጥራጥሬ የሚበሉት አሁንም እየሄዱ ነበር። ሌሎቹ ቆመዋል።

አንዱን ልጅ ላንሳ። 11ኛ ክፍል ነው፣ ክብደቱ 54 ኪሎ። ለአምስት ሳምንት ቁጭ ብድግ በ55 ኪሎ ላይ ተቸክሏል። ደብተሩን ስናይ የመጀመሪያ ምግቡ ምሳ ነው፣ ዋናው ደግሞ እራት። ፕሮቲን ፓውደር ልግዛ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ መጀመሪያ ቁርስ ጨምር አልኩት። የማታውን ወጥ ተርፎ ከሆነ ፍርፍር ማድረግ፣ በእረፍት ሰዓት ደግሞ አንድ እፍኝ ቆሎ ከለውዝ ጋር። ሌላ ምንም አልቀየርንም። የካቲት ሲያልቅ 60 ኪሎ አነሳ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰውነት ከሁሉም በፊት የሚፈልገው የዕለት ጉልበት ነው። ጠቅላላ ምግቡ ካነሰ ለጡንቻ የመጣውን ፕሮቲን ራሱን አንድዶ ይጠቀምበታል። የቤት ማገር እየነቀሉ ማገዶ ማድረግ ማለት ነው። ስለዚህ እንጀራውን ቀንሶ ፓውደር የሚገዛ ልጅ ገንዘቡን እሳት ውስጥ እየጨመረ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ከልጆቹ ጋር ብዙ ተከራክረናል፣ ምክንያቱም ስልካቸው ላይ የሚያዩት ሁሉ ስለ ፓውደር ነው የሚያወራው።

ከዚያ በኋላ ወደ ቁጥሩ ገባን። ስፖርት የማይሠራ አዋቂ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ፕሮቲን ይበቃዋል ይባላል። ብረት ለሚያነሳ ሰው የሚመከረው ከ1.4 እስከ 2 ግራም ነው። እኛ 1.6ን ያዝን። ለዚያ ለ54 ኪሎው ልጅ 86 ግራም ማለት ነው። ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ሁሉም ተስፋ ቆረጡ፤ ሥጋ ካልሆነ ከየት ይመጣል ብለው።

ከኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ሚዛን ተዋስን። ንጹህ ወረቀት አንጥፈን ከየቤታቸው ያመጡትን እህል መዘንን። 100 ግራም ጥሬ ምስር 24 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ሽምብራ 20 ገደማ፣ ለውዝ 25፣ የጤፍ ዱቄት 13። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ይህ የጥሬው ቁጥር ነው። ምስሩ ሲቀቀል ውኃ ስለሚጠጣ የተቀቀለው 100 ግራም ውስጥ የሚቀረው 9 ግራም አካባቢ ነው። አንድ ልጅ የወጡን ሳህን በጥሬው ቁጥር አስልቶ በቀን 150 ግራም ፕሮቲን እበላለሁ ብሎ ነበር።

ከሁሉም የገረመን ሽሮ ነው። አንዲት ልጅ እናቷ ለአንድ ሰው የምትሠራውን ያህል የሽሮ ዱቄት ለክታ አመጣች። 40 ግራም ሆነ። በ100 ግራም 20 ግራም ፕሮቲን አለው ካልን፣ አንድ ሰሃን ሽሮ 8 ግራም ብቻ ነው። ቀጠን ካለ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሽሮ ደካማ ምግብ ነው ማለቴ አይደለም፣ ሽሮ በጣም ጥሩ ምግብ ነው። ጤፍ ውስጥ የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ጥራጥሬው ይሞላል፣ ጥራጥሬው የሚያንሰውን ደግሞ ጤፉ፤ አያቶቻችን እንጀራን ከሽሮና ከምስር ጋር ያዋሃዱት ይህን ሳያሰሉ ነው፣ እኔ ይህን ባስተማርኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ግን መጠኑ ይቆጠራል። ወፈር ይበል፣ አጠገቡ ባቄላ ወይም ምስር ይኑር፣ በመሃል ንፍሮ ይጨመር። ስንዴ፣ ሽምብራና ባቄላ የተቀላቀለ ንፍሮ ከማንኛውም የታሸገ ነገር ይልቅ ለኪሳችን የሚስማማ ነው። ከየካቲት ጀምሮ በየሳምንቱ ማክሰኞ አንድ ድስት ንፍሮ የክበቡ ሆነ፣ ልጆቹ ተራ ገብተው ያመጣሉ።

ሌላው ያስተካከልነው ሰዓቱን ነው። ብዙ ልጆች ፕሮቲናቸው በሙሉ እራት ላይ ነበር። በየምግቡ 20 ግራም አካባቢ ቢከፋፈል ጡንቻ የበለጠ ይጠቀምበታል።

አሁን ደስ የማይለኝን ልናገር። አንድ ልጃችን ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ ጽሑፍ በሌለው ፌስታል የተቋጠረ ነጭ ዱቄት ገዛ። ሻጩ ፕሮቲን ነው ብሎታል። ምን እንደሆነ እስካሁን አናውቅም። ሆዱን አሞት ሁለት ቀን ከትምህርት ቀረ። ወላጆች፣ እባካችሁ ይህን አንብቡት። ለታዳጊ ልጅ ምንጩ የማይታወቅ ዱቄት አትፍቀዱ። በዚያ ገንዘብ ስንት እንቁላል ይገዛ እንደነበር አብረን አስልተናል፣ ልጁም ሲያየው አዘነ። እንቁላል ካነሳን፣ ጥሬውን መጠጣት ጉልበት ይሰጣል የሚባለውም ትክክል አይደለም። ከተቀቀለ እንቁላል ሰውነት ፕሮቲኑን 90 በመቶ ያህል ይወስዳል፣ ከጥሬው ግን ግማሹን ያህል ብቻ። ጥሬ ሥጋም እንዲሁ ከበሰለው የበለጠ ጡንቻ አይሠራም፣ የኮሶ ትል ግን ያመጣል።

ከዚያ መጋቢት መጣ። በ2016 ዓቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ገቡ። የክበቡ ልጆች ከሞላ ጎደል ሁሉም ጾመኛ ሆኑ። ልምምዱን እናቋርጥ ወይ ተባለ። ተነጋግረን አላቋረጥንም። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙት በልተው ትንሽ አርፈው 10 ሰዓት ተኩል ላይ እንዲመጡ አደረግን። ሙስሊም ልጆቻችን በዚያ ሰዓት ውኃ እንኳ ስላልጠጡ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ፣ በቀላል ኪሎና በጥቂት ድግግሞሽ ቴክኒክ ሠሩ። የሁላችንም ዓላማ መጨመር አልነበረም፣ ያለንን ሳንጥል ፋሲካና ኢድ መድረስ ነበር።

አብዛኞቹ ደረሱ። አንዷ ልጅ ለሱሁር ፉልና ወተት፣ ለኢፍጣር ተምርና ሾርባ እየበላች፣ ማታ ደግሞ ምስር በእንጀራ ጨምራ፣ ከኢድ በኋላ በመጣች በመጀመሪያው ቀን የበፊቱን ኪሎ ያለ ችግር አነሳች። የሁዳዴ ጾመኞች ውስጥ የሚያነሱት ኪሎ የቀነሰው ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው፤ ደብተራቸው ላይ ያለው ድንች፣ ጎመንና እንጀራ ነው፣ ጥራጥሬ የለበትም። የፋሲካ ማግስት ግን ሌላ ነገር ሆነ። ከ55 ቀን ጾም በኋላ ዶሮውንም ክትፎውንም በአንዴ የበሉ ልጆች ያን ሳምንት ከጾሙ ወቅት ያነሰ ነው ያነሱት። ሆዳቸው ከብዷል፣ እንቅልፋቸውም ተበላሽቷል።

ስለ ሴቶቹ ልጆች ብዙ መጻፍ እፈልግ ነበር። አንዲት እናት ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው "መምህር፣ ልጄን ወንዳወንድ ሊያደርጓት ነው እንዴ?" አሉኝ። አስቀምጬ ደብተሯን አሳየኋቸው። የሴት ሰውነት የወንድን ያህል ጡንቻ የሚያበዛ ሆርሞን እንደሌለው፣ ብረት ማንሳት ለአጥንቷ እንደሚጠቅም ነገርኳቸው። ያሳሰበኝ ሌላ ነበር፤ ልጅቷ ቶሎ ይደክማት ነበር፣ ምግቧን እንደጨረሰች ወዲያው ሻይ ትጠጣለች። ሻይ ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ማዕድን ሰውነት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል። ሻዩን አንድ ሰዓት ያቆዩላት፣ ከምስሩ ጋር ቲማቲም ወይም ሎሚ ይኑር፣ ጤና ጣቢያም ደሟን ትመርመር አልኳቸው። አሁን እናትየው የማክሰኞውን ንፍሮ ከሁሉም አስበልጠው የሚሠሩልን እሳቸው ናቸው።

ክብደት ለመቀነስ ብሎ መራብ በክበባችን ክልክል ነው። አንድ አጭር ልጅ እኔ ቀላል ስለሆንኩ ምንም አላነሳም ሲለኝ የናይም ሱሌይማኖግሉን ታሪክ ነገርኩት። ቁመቱ 1 ሜትር ከ47 ገደማ የሆነ ቱርካዊ ክብደት አንሺ ነበር፤ በ1988 እ.ኤ.አ. በሶል ኦሊምፒክ በ60 ኪሎ ምድብ ተወዳድሮ 190 ኪሎ ከጭንቅላቱ በላይ አነሳ። ልጁ ስሙን ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፎታል።

ሰኔ ላይ ወላጆች በተገኙበት የመጨረሻ ቀናችንን አደረግን። ከ17ቱ 14ቱ እስከ መጨረሻ ቆዩ። ያ የ54 ኪሎ ልጅ 58 ኪሎ ሆኖ 75 ኪሎ ቁጭ ብድግ ሠራ። ከጥቅምት ጀምሮ ሁሉም ያነሱት ጨምሯል፣ ከአንዱ በስተቀር፤ እሱ ጉልበቱን ኳስ ሜዳ ላይ ተጎድቶ አርፏል፣ እየተሻለው ነው።

ለአዲሱ ዓመት ምዝገባ መስከረም ላይ ይጀመራል። አንድ ደብተር፣ አንድ የውኃ ኮዳና ለንፍሮ የሚሆን ክዳን ያለው ዕቃ ይዛችሁ ኑ። ሚዛን የሚያውሰን ካለ ደግሞ ያነጋግረኝ፣ የኬሚስትሪውን መልሰናል።