ይድረስ ለአባባ፦ ወደ ኩስኮ ከመውጣታችሁ በፊት

ውድ አባቴ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ የፔሩ ጉዟችሁን ከፍታ ባነሣብዎ «ደብረ ብርሃን ላደገ ሰው ብርድና ዳገት ምኑ ነው?» ብለው አፌን አስያዙኝ። በስልክ ከእርስዎ ጋር ክርክር ስለማይሆንልኝ መልሴን በጽሑፍ አደረግሁት።

ግማሹ እውነት ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ናት። የፔሩዋ ኩስኮ ግን 3,400 ሜትር ላይ ነች፤ መንዝ፣ ጓሳ ላይ ከተማ እንደ መቆርቆር ነው። ደግሞ አሁን የሚኖሩባት የቨርጂንያዋ አሌክሳንድሪያ ከባሕሩ እኩል ናት። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት ስሜን ተራራ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ያገራችን ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር፣ እንደ ቆላ ሰው ሆኖ መገኘቱን ጽፏል፤ የደቡብ አሜሪካው የአንዲስ ተራሮች ሰው ግን በዚያ ከፍታ ሄሞግሎቢኑ ይበዛል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ነገር ግን የተመረመሩት እዚያው ያሉ ሰዎች ናቸው። ሰውነት ከፍታን በቀናት ይለምዳል፣ ቆላ ሲወርድ ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ይረሳዋል። ቨርጂንያ የከረመ ሰው፣ የትም ይወለድ የት፣ ኩስኮ ሲደርስ እንግዳ ነው።

ስለዚህ የጉዞው ቁልፍ የምታድሩበት ቅደም ተከተል ነው። ከሊማ በጠዋቱ በረራ ኩስኮ ትደርሳላችሁ፤ ግን ከተማው ውስጥ አታድሩም። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ መኪና ይጠብቃችሁና በቀጥታ ወደ ኡሩባምባ ሸለቆ ትወርዳላችሁ። ኦያንታይታምቦ 2,790 ሜትር ናት፤ ያው ደብረ ብርሃን በሉት። መንገዱ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። መሐል ላይ ባለችው በቺንቼሮ 3,760 ሜትር ደርሶ ስለሚወርድ ሾፌሩ «ገበያውን እንይ» ቢላችሁ እሺ አትበሉት፤ በመኪና ማለፉ አይጎዳም፣ ወርዶ ዳገት መውጣቱ ነው የሚጎዳው። እዚያ ሦስት ሌሊት አድራችሁ፣ የጥንቶቹን ኢንካዎች ከተማ ማቹ ፒቹንም ከዚያው አይታችሁ፣ ኩስኮ በመጨረሻ ትወጣላችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ መጀመሪያ ኩስኮ ሁለት ቀን ታሞ ተኝቶ፣ በሦስተኛው ቀን 2,430 ሜትር ወደሆነው ማቹ ፒቹ ይወርዳል። አቀበቱን አስቀድሞ ቁልቁለቱን ማስከተል ነው።

የቦሊቪያዋን ላፓዝን ከዝርዝሩ አውጥቼዋለሁ፣ አይቀየሙኝ። ከተማዋ 3,640 ሜትር ነች፣ አውሮፕላኑ የሚያርፈው ደግሞ ኤል አልቶ፣ 4,060 ሜትር ላይ ነው። በከተማው ላይ የተዘረጋውን የኬብል መኪና በቪዲዮ እናየዋለን።

አገሬው የከፍታን ሕመም ሶሮቼ ይለዋል። እንደደረሱ አይሰማም፤ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ይመጣና የመጀመሪያው ሌሊት ይብሳል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ እንቅልፍ መቆራረጥ ነው። ይህ ከሆነ ባሉበት ማረፍ፣ ወደ ላይ አለመውጣት። በተቀመጡበት ትንፋሽ ቢያጥር ወይም ሳል ቢበረታ፣ ወይም ቀጥ ባለ መስመር ተረከዝን ከአውራ ጣት እያገናኙ ሲራመዱ ቢንገዳገዱ ግን ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ጠርቶ ወዲያው ወደ ታች መውረድ ነው፤ «እስኪነጋ ልታገሥ» አይባልም። ይህን ለእማዬም ያንብቡላት፤ ሰው ግራ ሲጋባ ራሱን አያውቀውምና እርስ በርስ ነው የምትጠባበቁት።

መከላከያ መድኃኒቱ አሴታዞላማይድ ነው። የተለመደው 125 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ፣ ከመውጣት አንድ ቀን አስቀድሞ ጀምሮ ነው። እርስዎ ግን ሐኪምዎን ሳይጠይቁ እንዳይጀምሩት፦ የግፊት መድኃኒትዎ ሽንት ከሚያሸኑት ወገን ከሆነ ሁለቱ ሲደረቡ ፖታሲየም ይቀንሳል፤ ሰልፋ ለሚባሉት መድኃኒቶች አለርጂ እንዳለብዎም ይንገሩት። ጣት ቢነዝርዎ፣ ለስላሳውም ጣዕሙ ቢጠፋብዎ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። ከፍታው ራሱ ግፊት ስለሚጨምር መለኪያውን ይዘው ይሂዱ።

የኮካ ቅጠል ሻይ በየሆቴሉ በነጻ ይቀርባል። ፔሩ ውስጥ ሕጋዊ ነው፣ ሞቅም ያደርጋል፤ ሕመሙን ማስቀረቱ ግን አልተረጋገጠም። እማዬ ሥራዋ ላይ የሽንት ምርመራ ስለሚደረግላት አትቅመሰው፣ ኮኬይን ብሎ ያወጣባታል። አንድ ከረጢት እንኳ ወደ አሜሪካ ይዛችሁ እንዳትገቡ። በምትኩ ሙኛ የሚባል የተራራ ቅጠል አለ፣ ሽታው የእኛን ናና ይመስላል፤ እሱን ይዘዙ።

ማረፊያ ሲመረጥ ሰው ፎቶ ያያል፤ እኔ ደረጃውን ነው የምቆጥረው። ሳን ብላስ የሚባለው ሰፈር ያምራል፣ ግን ሁሉ ነገሩ ዳገትና የድንጋይ ደረጃ ነው፤ ለጉልበትዎ በአቬኒዳ ኤል ሶል ዙሪያ ያለው ሜዳ ይሻላል። በስፓኒሽ ቅጥር ግቢ የተሠሩት አሮጌ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም ነው፣ ቀን ፀሐይ አይገባቸውም፣ ማሞቂያም አብዛኞቹ የላቸውም። በሰኔ ደግሞ እዚያ በጋ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሌሊቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ስለዚህ ምድር ቤት ክፍል፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ኦክስጅን መኖሩን በጽሑፍ ጠይቄ አረጋግጣለሁ። ርካሾቹ ቤቶች ሻወሩ ጫፍ ላይ ማሞቂያ ያለው ነው፦ ውኃውን በሰፊው ከከፈቱት ይቀዘቅዛል፣ ቀጠን ሲያደርጉት ይሞቃል። እጅዎ እርጥብ ሆኖ ከላይ ያለውን ዕቃ አይንኩት። ፓስፖርታችሁንና ስትገቡ የሚሰጣችሁን የመግቢያ ማስረጃ ስታሳዩ ለአጭር ጊዜ የመጣ የውጭ ቱሪስት የማይከፍለው 18 በመቶ ግብር አለ፤ ሒሳቡ ላይ ከጨመሩት ያስቀንሱ።

ምግቡን በተመለከተ፣ የሰኔ ጾም ላይ ነው የምትሄዱት፤ እርስዎም እንደማይፈቱ አውቃለሁ። «ሲን ካርኔ» ማለት ብቻውን አይበቃም፣ ለእነሱ ዶሮ «ካርኔ» አይደለምና ሾርባው በዶሮ መረቅ ተሠርቶ ይመጣል። ሙሉውን ይበሉ፦ «ሲን ካርኔ፣ ሲን ፖዮ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ሌቼ፣ ሲን ሁዌቮ»። ሥጋ፣ ዶሮ፣ አይብ፣ ወተት፣ እንቁላል የሌለበት ማለት ነው። ጾመኛ እዚያ አይራብም፦ ኪኑዋ በሚባል እህል የሚሠራ ሾርባ፣ አቮካዶ፣ የባቄላ ቆሎ፣ ካንቻ የሚሉት የበቆሎ ቆሎ፣ ድንች ደግሞ አገሩ ነው። ታርዊ የሚባለውን ሲያዩ ይስቃሉ፤ የእኛው የግብጦ ዘመድ ነው፣ ምሬቱ እስኪወጣም ቀቅለው ለቀናት ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል። ከሐይቅ የሚወጣ ትራውት ዓሣም አለ፤ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይጨርሱ። ኩይ ሲሏችሁ ተጠብሶ ጥርሱ እየታየ የሚቀርብ ጊኒ ፒግ ነው። እንደማይበሉት አውቃለሁ፣ ግን ካቴድራሉ ውስጥ የማርኮስ ሳፓታን «የመጨረሻው እራት» ሥዕል ያዩ ዘንድ እለምናለሁ፦ በጌታ ፊት ሳሕኑ ላይ የተጋደመው እሱ ነው።

ሳን ፔድሮ ገበያ ሲገቡ ጥቁር ጠጠር የሚመስል፣ ሲያነሱት እንደ ቡሽ የሚቀል ነገር በጆንያ ያያሉ። ቹኞ ነው፣ ድንች። ከ3,800 ሜትር በላይ ያሉ ገበሬዎች በሰኔና በሐምሌ ትንንሹን ድንች ሣር ላይ ይበትኑታል፤ ሌሊት ውርጭ በረዶ ያደርገዋል፣ ቀን ፀሐይ ያቀልጠዋል። ጥቂት ሌሊት እንዲህ ከሆነ በኋላ በባዶ እግር ይረግጡታል፤ ውኃው ይጨመቃል፣ ልጣጩም ይለቃል። ከዚያ አድርቀው ያስቀምጡታል፣ ዓመታት ይቆያል። እርስዎ ባቄላውን አቃጠለብን እያሉ የሚያማርሩትን ውርጭ እነሱ ጎተራ አድርገውታል። ሲበስል ቀድሞ አንድ ሌሊት መነከር አለበት፤ የቸኮለች ቤት የሠራችው መሐሉ እንደ እንጨት ይቀራል።

ረጅም እንጨት ላይ ቀይ ጨርቅ ወይም ላስቲክ የተሰቀለበት በር ካዩ ቺቻ ቤት ነው፤ የእኛ ጠላ ቤት ጣሳ እንደሚሰቅለው። ቺቻውም ከበቆሎ ብቅል ነው የሚጠመቀው። የመጀመሪያውን ጠብታ ለምድር ያፈሱላታል። ውኃው ስለማይታወቅ ግን ከንፈር ማርጠብ ይበቃል። የቧንቧ ውኃም አትጠጡ፤ የምታፈሉ ከሆነ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ፣ በዚያ ከፍታ ውኃ 89 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው።

ኩስኮ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ቢያዩ ቆሪካንቻ ይሁን። የኢንካዎች የፀሐይ ቤተ መቅደስ ነበር። ስፓኞች በ1533 ከተማዋን ከያዙ በኋላ የሳንቶ ዶሚንጎን ገዳም በላዩ ሠሩ። በግንቦት 1950 የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ የገዳሙ ግንብ ብዙው ፈረሰ፤ ከሥሩ የነበረው የኢንካ ግንብ ግን ቆሞ ተገለጠ። ጠጋ ብለው በጣትዎ መጋጠሚያውን ይፈልጉት፦ ጭቃም ኖራም የለውም፣ ጥፍር አይገባም። ግንቡ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ነው፣ በሩም ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ ይላል፤ ሲናወጥ እርስ በርሱ የሚደጋገፈው ለዚህ ነው። 16 ቦታ የሚያስገባው የከተማው ትኬት ገዳሙንም ካቴድራሉንም አይጨምርም፣ ለየብቻ ይከፈላል። የካቶሊኮቹ የቅዱስ ቁርባን በዓል ኮርፑስ ክሪስቲ፣ ከፈረንጅ ፋሲካ በ60ኛው ቀን ሐሙስ፣ ከደረሰላችሁ 15 የቅዱሳን ምስሎች ከየአጥቢያው በትከሻ ተሸክመው ካቴድራሉ ይገናኛሉ። ጥምቀትን ያየ ሰው ግፊያውን ያውቀዋል፤ ከጠዋቱ ቦታ ያዙ።

ለማቹ ፒቹ ትኬቱ ሰዓትና መስመር ያለው ነው፣ በፓስፖርቱ ስም ይገዛል፣ አንዴ ያለፉበትን ወደ ኋላ አይመልሱም። ታችኛው መስመር፣ ሦስተኛው፣ ደረጃው አነስ ይላል፤ የታወቀው ፎቶ የሚነሳበት እርከን ግን ከላይ ነው። እኔ ጉልበትዎን መርጫለሁ። ከዘራዎ ጫፉ ላይ ጎማ ይደረግበት፣ ያለ ጎማ አያስገቡም። ውስጥ መጸዳጃ ቤት የለም፣ በሩ ላይ ጨርሳችሁ ግቡ። የተቀደደ ብር ማንም አይቀበላችሁም፤ መልስ ሲሰጧችሁ ጠርዙን እዩት፣ ሳንቲምም ለመጸዳጃ ያዙ።

ለሰኔ ትኬቱ ቶሎ ያልቃል። ሐኪሙ ስለ መድኃኒቱ ያለዎትን እስከ እሑድ ይደውሉልኝ፤ የሁለታችሁንም የፓስፖርት ፎቶ እማዬ ትላክልኝ፣ ስማችሁ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል ነው የምሞላው። ያን ሳላይ ወደ ማቹ ፒቹ የሚወስደውን ባቡር አልከፍልም።

ልጅዎ