በመዝናኛ ፓርክ ውስጥ የተሮጠ ግማሽ ማራቶን

ይድረስ ለክቡር ዋና አዘጋጅ፦

በአሜሪካ ግማሽ ማራቶን ለመሮጥ የሚያስቡ ወገኖቼ ገንዘባቸውን ከመክፈላቸው በፊት እንዲያውቁት ብዬ ይህችን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። በጥር ወር፣ በፍሎሪዳ ግዛት በሚገኝ አንድ የመዝናኛ ፓርክ 21.0975 ኪሎ ሜትር ሮጥኩ፤ ሮጥኩ ማለቴ ግን በከፊል ነው። ጎህ ሳይቀድ፣ ተራ በተራ በምንነሳበት በየምድባችን ቆመን ከጠበቅን በኋላ ሰፊውን አውራ ጎዳና ያለ ችግር ብናልፈውም፣ ለጎብኚ እግረኛ ታስቦ ወደተሠራው የፓርኩ መተላለፊያ ስንገባ መንገዱ ጠበበ፤ የቀረውንም ፎቶግራፍ ለመነሳት የተሰለፉት ሯጮች ይዘውታል።

ሰው ለማለፍ ግራና ቀኝ ስል፣ የእጅ ሰዓቴ በመጨረሻ 21.7 ኪሎ ሜትር አሳየኝ። የሳተላይት መለኪያ ጥቂት መሳሳቱ ባይቀርም፣ የውድድር መንገድ የሚለካው ከመታጠፊያው ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ በሚያልፈው አጭሩ መስመር ስለሆነ፣ በሰው መካከል የሚጥመለመል ሁሉ ትርፍ መሮጡ ግድ ነው።

በአዲስ አበባው ታላቁ ሩጫም ሕዝቡ ይጋፋል፤ ዳሩ ግን ብዙው ሰው 10 ኪሎ ሜትሩን የሚወጣው ለጭፈራው እንጂ ለሰዓቱ አይደለም። እዚህ ግን ሰዓቱ ተመዝግቦ ይሰጣል፤ ዘመዶቼም በስልክ አስቀድመው የጠየቁኝ እሱኑ ነው።

የእያንዳንዱ ሯጭ ሰዓት የሚቆጠረው የያዘው ሰዓት መዝጋቢ ቺፕ መነሻውን ካለፈበት ቅጽበት ጀምሮ በመሆኑ፣ መጨናነቁን ለማቃለል በምድቦች መነሻ መካከል ያለው የጊዜ ክፍተት ቢሰፋ የማንም ውጤት አይጎዳም። ጎብኚዎች ከመግባታቸው በፊት መንገዱ መለቀቅ ካለበት ደግሞ፣ አዘጋጆቹ ለሯጮች የሚሸጡትን የመለያ ቁጥር ብዛት ይቀንሱ።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከቨርጂኒያ